ትርፍ ስኒ

መኪናን ቤት አድርጎ አገር መዞር በእኛም ዘንድ ወዳጅ እያገኘ የመጣ ይመስለኛል። አሜሪካኖቹ አርቪ፣ አውሮፓውያኑ ካምፐር የሚሉትን ይህን ነገር እኔ በአማርኛ «ቤት መኪና» እለዋለሁ፤ የተሻለ ስም ያለው አንባቢ ቢነግረኝ ደስታዬ ነው። አንድ ወዳጄ ያረጀ ሚኒባሱን ወንበር ነቅሎ አልጋ ሠራበት፤ ጥግ ላይ የቡታ ጋዝ ምድጃ አስቀመጠበት፤ ጣሪያው ላይ ውኃ የሚይዝ በርሜል አሰረበት። ቀጥሎም ከፈረንጅ መጻሕፍት ያሰባሰበውን የምክር ዝርዝር ይዞ መጣና «ጅማ እንሂድ» አለን።

ዝርዝሩን እኔም አነበብሁት። ስለ ባትሪ፣ ስለ ውኃ ማጠራቀሚያ፣ ስለ ዕቃ ክብደት ብዙ ቁም ነገር አለበት። ነገር ግን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ አንድ ነገር ቆረቆረኝ። የምክሩ ባለቤት መሬት ባዶ ነው ብሎ ያምናል። በእርሱ ዘንድ ጥሩ ማደሪያ ማለት ሰው የማይታይበት ቦታ ነው፤ ጥሩ ቤት መኪናም ከማንም ምንም የማያስለምን፣ በሩ ከተዘጋ በኋላ ዓለሙ ሁሉ ውስጡ ያለ ነው። ይህ እሳቤ ሰፊ ምድረ በዳ ላለው አገር ይሠራ ይሆናል። ከወልቂጤ ወዲያ ላለው መንገድ፣ ለአጋሮና ለሊሙ፣ ለጌራና ለየቡ ግን አይሆንም ባይ ነኝ። ለዚያ አገር የሚሆነው ምክር ድሮ በሲራራ ነጋዴው ስልቻ፣ ዛሬ ደግሞ በከባድ መኪና ሹፌሩ ጋቢና ውስጥ ነው ያለው። ማንም አልጻፈውም እንጂ!

እስቲ ከቋንቋችን እንነሣ። «ሰፈር» የምንለው ቃል «ሰፈረ» ከሚለው የተወለደ ነው፤ ድንኳን ተክሎ፣ ጭነት አራግፎ ማረፍ ማለት ነበር። «ከተማ»ም «ከተመ» ከሚለው ነው የመጣው፤ እርሱም መስፈር ነው። አፄ ፋሲለደስ በ1636 እ.ኤ.አ. ገደማ ጎንደርን መቀመጫቸው እስኪያደርጓት ድረስ ለረጅም ዘመን ቤተ መንግሥቱ ራሱ በድንኳን ከአገር አገር የሚዞር ነበር። ዛሬ በግንብ ቤት ተቀምጠን «ሰፈሬ» ስንል ሳናውቀው የምንናገረው የመንገደኛ ቋንቋ ነው።

«ስለ ድስትና ስለ ጎማ መጻፍ የሥነ ጽሑፍ ጉዳይ ነወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። ለእርሱ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን እጠቅሳለሁ። አፈወርቅ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለውን፣ ኋላ «ጦቢያ» ተብሎ የታወቀውን «ልብ ወለድ ታሪክ» በ1908 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ አሳተሙ። በዚያው ዓመት፣ በዚያው ከተማ፣ በፈረንሳይኛና በአማርኛ አገራችንን ለሚጎበኝ መንገደኛ የሚሆን መምሪያም አሳተሙ። አንድ እጅ ልብ ወለድ ሲጽፍ፣ ያው እጅ ለተጓዥ የሚጠቅመውን ይጽፍ ነበር። ልብ ወለዱስ ቢሆን መነሻው ምንድን ነው? ዋሕድ አባቱን የሚቤዥበትን ገንዘብ የሰጠው መንገደኛ ነጋዴ አይደለምን? ዋሕድ ከቤቱ የወጣው ያን ባለውለታ ነጋዴ ፍለጋ ነው። እንግዲህ ልብ ወለዳችን ገና ሲወለድ ሲራራ ነጋዴ አጠገቡ ቆሞ ነበር ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ነጋዴውን ረሳነው። የሰብለ ወንጌልን የመነኩሴ ልብስና የመንገድ መከራ የሚያስታውስ አንባቢ ሞልቷል፤ መንገደኛ ማታ ማታ ምን በልቶ፣ ምን ለብሶ፣ ከማን ደጅ ያድር እንደነበር ግን የሚነግረን ስንት ነው?

ጅማ ለዚህ ጥያቄ የተመቸች አገር ናት። ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በ1878 እ.ኤ.አ. የነገሡት ዳግማዊ አባ ጅፋር በጅሬን ኮረብታ ላይ ተቀምጠው፣ ከግርጌያቸው ሂርማታ የሚባለው ታላቅ ገበያ ሐሙስ ሐሙስ ይቆም ነበር። ዛሬ ጅማ የምንላት ከተማ የበቀለችው ከዚያ ገበያ ላይ ነው። አፍቃላ የሚባሉት የኦሮሞ ነጋዴዎችና ከሰሜን የሚወርዱት ጀበርቲዎች እዚህ ይገናኛሉ። ከሊሙ ሰቃ የሚነሣው መንገድ ዓባይን ተሻግሮ፣ በጎጃም ባሶ ገበያና በጎንደር አድርጎ እስከ ምጽዋ ይዘልቃል። ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅና ቡና ይወጣል፤ አሞሌ ጨውና ጨርቅ ይገባል። በዚያው መንገድ ሰውም በሰንሰለት ይነዳ ነበር። ስለ ሲራራ ጥበብ ሳወራ ይህን ደብቄ ማለፍ አልፈልግም፤ መንገዱን እናድንቅ ካልን በመንገዱ ላይ ያለቀሱትንም መቁጠር ግድ ነው።

ወደ ስንቁ እንምጣ፤ የነገሩ ቅመም ያለው እዚህ ነው። የፈረንጁ ዝርዝር ግማሹ ስለ ማቀዝቀዣ ነው፤ ማቀዝቀዣው እንዴት ባትሪ እንዳይጨርስ፣ ወተቱ እንዴት እንዳይበላሽ፣ ሥጋው ለስንት ቀን እንደሚቆይ። የእኛ እናቶች ግን ማቀዝቀዣ የሚባል ነገር ሳያውቁ ለወራት የሚበቃ ስንቅ ይሰንቁ ነበር። በሶ እሳት አይፈልግም፤ ውኃና ጨው፣ ከተገኘም ማር ይበቃዋል። ጭኮ የገብስ ዱቄት በተነጠረ ቅቤ የታሸ ነውና ቶሎ አይበላሽም፤ አንድ ጉርሻው ረኀብን ለግማሽ ቀን ያባርራል። ዳቦ ቆሎ በኪስ ይያዛል። ድርቆሽ ፍርፍር ለመሆን የፈላ መረቅ ብቻ ይጠብቃል። ቋንጣ መኪና ውስጥም ቢሆን በላስቲክ ካልታፈነ፣ ነፋስ በሚያገኝ ስስ ጨርቅ ከተንጠለጠለ ጓደኛ ነው። ሽሮ ደግሞ የቤት መኪና ንጉሥ ነው፤ በሩብ ሰዓት ይደርሳል፣ አንድ ድስት ብቻ ያቆሽሻል፣ ጋዝ አይጨርስም።

ጋዝ ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ በዚያ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ባቄላና ምስር በባሕር ዳርቻ አገር ለተጻፈ የምግብ መጽሐፍ ቀጠሮ አይገዙም። ጠዋት ሲነሡ በክዳናማ ዕቃ ምስሩን ዘፍዝፎ መጓዝ፣ ማታ ጥቂት ካንተከተኩ በኋላ ድስቱን ከእሳት አውርዶ፣ ክዳኑን ሳይከፍቱ በጋቢ ጠቅልሎ ለአንድ ሰዓት መተው ነው። ጋቢው የቀረውን ያበስለዋል። ለዚህ ሲባል አንድ አሮጌ ጋቢ ለወጥ ቤት መመደብ አለበት፤ ለመኝታ የተያዘውን ጋቢ ሽሮ ሽሮ ያሸተተ ዕለት የሚነሣውን ጠብ አይቻለሁና። ከከተማ አትክልት ጭኖ መሄድም ከንቱ ድካም ነው። አቮካዶው፣ ሙዙ፣ ጎደሬው፣ ማሩ ከመንገድ ዳር ይገዛል፤ መግዛቱ ደግሞ ከመብላቱ በላይ ጥቅም አለው፤ ምክንያቱን ወደ ታች እመጣበታለሁ።

የቡና አገር ሰው ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ ስንቅ ነበረው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን አገራችን መጥቶ የነበረው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ፣ ኦሮሞዎች ረጅም መንገድ ሲሄዱ የተቆላና የተወቀጠ ቡና በቅቤ ለውሰው፣ አድቦልቡለው በቆዳ ከረጢት እንደሚይዙና አንዷ ድቡልቡል ሰውን ቀኑን ሙሉ እንደምታቆም ጽፏል። ዛሬም በጅማና በአካባቢዋ ቡና ቀላ የሚባል አለ፤ ከነገለባው ያለ ቡና በቅቤ ተጠብሶ ለክብር እንግዳና ለምርቃት ይቀርባል። ቡናን እንደ መጠጥ ብቻ ለምናውቅ የከተማ ሰዎች ቡና የሚበላ ነገር መሆኑ ይደንቀናል። እኔ በበኩሌ ቀምሼዋለሁ፤ ከሱቅ ቸኮላታ እመርጠዋለሁ።

ስለ እንክብካቤ የምለው አጭር ነው፤ እኔ ሹፌር አይደለሁምና። ሲራራ ነጋዴ ማታ ሲሰፍር መጀመሪያ የሚያየው የራሱን እራት ሳይሆን የአጋሰሱን ጀርባ ነበር። ጭነቱ ካዘነበለ፣ መደላድሉ ከተጨማደደ፣ ጀርባው ይገጥባል፤ የገጠበ በቅሎ ደግሞ በማግሥቱ አይጫንም። የዛሬ የከባድ መኪና ረዳቶችም ልማዳቸው ይኸው ነው። መኪናው ሲቆም ረዳቱ ታኮውን ጎማ ሥር ያስገባል፤ ቀጥሎ በእጁ ጎማውን እየዳሰሰ ይዞራል፤ የትኛው እንደ ጋለ፣ የትኛው እንደ ለሰለሰ በመዳፉ ያውቃል። ቤት መኪና ያለው ሰው ከዚህ ልማድ በቀር ሌላ ነገር ባይማር እንኳ ይበቃዋል። በነገራችን ላይ የረዳቱ መዝገበ ቃላት ራሱን የቻለ ጥናት ይገባዋል፤ ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ቺንጋ፣ ስኮርታ፣ ክሪክ... ጣሊያን ከ80 ዓመታት በፊት ተባረረ፤ ቃሉ ግን እስካሁን መኪና ሥር ተኝቶ ብሎን ይፈታል።

ከወልቂጤ በኋላ ወደ ግቤ የሚወርደው ቁልቁለት የማንኛውም ቤት መኪና ፈተና ነው። አልጋ፣ ምድጃና በርሜል ውኃ የተጫነበት ሚኒባስ ክብደቱ እንደ ድሮው አይደለም። ሹፌሮቹ የሚሉት፣ አቀበቱን በሚወጡበት ማርሽ ቁልቁለቱን መውረድ ነው፤ ፍሬን ላይ ቆሞ የወረደ መኪና ታች ሲደርስ ፍሬኑ ይግልና ይከዳል። ከወንዙ ማዶ ባለው አቀበት ላይ የእኛ መኪና ውኃው ፈላ። ወዳጄ የራዲያተሩን ክዳን ሊከፍት እጁን ሲሰድ፣ ከኋላችን የቆመ የጭነት መኪና ረዳት ከመቀመጫው ዘልሎ ወርዶ ያዘው። «ጋሼ፣ ፊትህን ሊልጠው ነው እኮ! ይብረድ፤ ቡና አፍሉና ጠብቁ» አለው። አርባ ደቂቃ ጠበቅን። ያ ልጅ በዚያ አቀበት ስንት ፊት እንዳተረፈ እግዜር ይወቀው። ግቤ ሸለቆ ውስጥ ማደር ግን አልወደደልንም፤ ትንኙ ብዙ ነው አለን። የድሮ ነጋዴዎችም ንዳድ ፈርተው ቆላ ላይ ማደርን ይሸሹ ነበር። ምክሩ ዛሬም ያው ነው፤ አጎበር መያዝ፣ ከመሸም ከሸለቆው ወጥቶ ደጋው ጫፍ ላይ ማረፍ።

ከጅማ ወደ አጋሮ ሲታለፍ ግራና ቀኙ ጫካ ይመስላል። ዋንዛውና ሌላው ረጃጅም ዛፍ ከላይ ጥላ ይጥላል፤ ከሥር ቡናው ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ያብረቀርቃል። ለከተማ ዓይን ይህ ዱር ነው፤ መኪናን ገባ አድርጎ ለማደር የተመቸ፣ ሰው የማይታይበት። የፈረንጁ ዝርዝር «እዚህ ስፈር» የሚለው ይህንን ነው። ነገር ግን ከእያንዳንዱ የቡና እግር ጀርባ ባለቤት አለ። በለጤ ጌራን የመሰለው ትልቁ ደን እንኳ ሳይቀር፣ በ2003 እ.ኤ.አ. በጃፓን መንግሥት እርዳታ ከተጀመረው የአሳታፊ ደን አያያዝ ሥራ ወዲህ፣ በነዋሪዎች ማኅበራት የሚጠበቅና የመጠቀም መብቱም የእነርሱ የሆነ ነው። ባዶ መሬት የለም። የሸራ ገመድ የሚታሰርበት የቡና ቅርንጫፍ የአንድ ቤተሰብ የትምህርት ቤት ደብተር ነው።

ከዚህም የረቀቀ ነገር አለ። ቡና ሽታ ይስባል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው የለቀማ ወራት በየደጁ የማድረቂያ አልጋ ተዘርግቶ ቡናው ፀሐይ ይሞቃል። ከአልጋው አጠገብ ሞተሩን ሳያጠፋ የሚቆም መኪና፣ የናፍጣ ጭስ የሚተፋ ጄኔሬተር፣ የፈሰሰ ላምባ ቡናው ውስጥ ይገባል። ቀማሹ ሲቀምሰው ጭሱን ያገኘዋል፤ ዋጋው ይወድቃል። መንገደኛው በማግሥቱ ሄዷል፤ ምን እንዳደረሰም አያውቅም። በእኔ ግምት ከቆሻሻ መጣልም፣ ሳይጠይቁ ከማደርም የከፋው ጥፋት ይህ ነው፤ ለአንድ ሌሊት መብራት ሲባል የሌላውን ሰው የዓመት ልፋት ማሽተት።

እኛ የሄድነው በታኅሣሥ ነበር። ከአጋሮ ወጣ ብላ ካለች መንደር ስንደርስ ኦሮምኛ የሚችለው ጓደኛችን ከመኪና ወርዶ፣ ደጃቸው ላይ ቡና የሚያገላብጡ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ሄደ። በእርጋታ ስለ ጤና፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ቡናው ከተጠያየቁ በኋላ ነው የመጣንበትን የነገራቸው። ድሮ ቢሆን «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ይባል ነበር፤ ፍሬ ነገሩ ያው ነው። ሽማግሌው ወደ መኪናው አዩና የት ልንተኛ እንደሆነ ጠየቁ። እዚያው ውስጥ መሆኑን ሲሰሙ ሣቁ። ከማድረቂያው ርቆ፣ ነፋሱ ከቡናው ወደ እኛ በሚነፍስበት በኩል የምንቆምበትን ሜዳ በበትራቸው አሳዩን። የነፋሱን ነገር ያሰቡት እርሳቸው ናቸው።

ማታ ምድጃችንን ለኩሰን ጀበናችንን ጣድን። ዝርዝሩ በሚያዘው መሠረት ክብደት ለመቀነስ ስኒያችን ሦስት ነበር፤ እኛም ሦስት ነን። የቡናው ሽታ ከመኪናው ሲወጣ ሽማግሌው ከልጅ ልጃቸው ጋር መጡና በሩ ላይ ቆሙ። ጓደኛችን ኋላ እንደ ተረጎመልን ያሉት ይህን ነው፦ «ልጆቼ፣ ቡናችሁን ለብቻችሁ ልትጠጡ ነው?»

ቁጣ አልነበረበትም። ሊገባቸው ያልቻለ ነገር ሲያዩ የሚጠይቁት ዓይነት ጥያቄ ነበር። ጎረቤት ሳይጠራ የሚፈላ ቡና እርሳቸው ዘንድ ቃል የለውም። ያን ጊዜ ቤት መኪና የሚባለው ፈጠራ ምን እንደጎደለው ታየኝ። አልጋ አለው፣ ወጥ ቤት አለው፣ መብራት አለው፤ ጎረቤት የለውም። ሠሪው ጎረቤትን እንደ ጉድለት ቆጥሮ ነው ያወጣው። የሽማግሌው ባለቤት ረከቦታቸውን ከነስኒው ይዘው መጡ፤ ሁለት ጎረቤቶችም ተከተሉ። አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን በሚኒባሱ ደጅ ላይ ጠጣን። ቆሎው የእነርሱ፣ ዳቦ ቆሎው የእኛ ነበር። በማግሥቱ አጋሮ ገበያ ገብተን ስድስት ስኒ ገዛን፤ ከዚያ ወዲህ ከስኮርታ ጎማው ቀጥሎ ሳይጫን የማይቀር ዕቃ ሆኗል። ከመንገድ ዳር መግዛት ጥቅሙ ብዙ ነው ያልሁትም ለዚሁ ነው፤ ሙዝ ሲገዙ ስም ይለዋወጣሉ፤ ሲመሽም የሚጠይቁት ሰው አያጡም። መቼም ሰላሙ እንደየአካባቢውና እንደየጊዜው ነውና፣ የትኛው መንገድ ከስንት ሰዓት በኋላ እንደማይሄድ የሚያውቀው ያ ሙዝ ሻጭ ነው።

አንድ ነገር ግን በዚህ ሁሉ ወግ መካከል በጥብቅ ልናገር። ቡናው ደጅ ላይ ይፈላ ስል ለጨዋታው ብቻ አይደለም። ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ የከሰሉ ፍም ገና ቀይ ነው፤ ምድጃውን ወደ ውስጥ አስገብቶ በሩን መዝጋት ያጓጓል። የከሰል ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በተዘጋ ክፍል ስንት ቤተሰብ ሳይነቃ እንዳስቀረ ሁላችንም ሰምተናል። መኪና ደግሞ ከማናቸውም ክፍል የጠበበ ነው። ፍሙ ውጭ ይደር፤ ለብርድ ጋቢ ይደረብ። ቡታ ጋዙም ቢሆን ተኝተው የሚያሞቁበት ዕቃ አይደለም፤ ምግብ ሲበስልበት መስኮት ይከፈት፣ ሲያበቃም ሲሊንደሩ ከምንጩ ይዘጋ።

የጉዞው ወራት ከጥቅምት እስከ የካቲት ነው። የካቲት ሲያልቅና ዝናቡ ሲጀምር ቡናው በአንድ ጊዜ ነጭ አበባ ለብሶ አገሩ ሁሉ ይሸታል፤ ያን ለማየት ብሎ የሚቆይ ሰው አይነቀፍም። ነገር ግን የጅማ ቀይ አፈር ውኃ ከጠጣ በኋላ እንደ ሳሙና ነው። ሰንሰለትም፣ አዲስ ጎማም ተስፋ የሚቆርጥበት ጭቃ አለ። የቅርቡ ጋራዥ 30 ኪሎ ሜትር ይርቅ ይሆናል፤ ጥንድ በሬ ያለው ገበሬ ግን ከዚያ ማዶ ካለው አጥር ሥር አለ፤ ማታ ሰላም ሳይሉት፣ ቡና ሳይጠሩት ያደሩ ሰዎች ጠዋት በሬውን ሊለምኑት ሲሄዱ ምን ብለው እንደሚጀምሩ እንጃ።